ድራይቨሩ አርጅቷል ወይስ ከርነሉ? የሊኑክስ ዋይፋይ ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች ሁሉም ከጎጃም ከተሞች የመጡ ናቸው። አብዛኞቹ «የዋይፋዩ ድራይቨር አርጅቶብኝ» ብለው ይጀምራሉ። ድራይቨር ማለት አንድን ዕቃ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያሠራ ፕሮግራም ነው፤ ከርነል ደግሞ የሊኑክስ እምብርት ነው። አንድ በአንድ ስናያቸው ግን ድራይቨሩ በእርግጥ ያረጀባቸው ጥቂቶች ናቸው፤ የሌሎቹ ሕመም ሌላ ቦታ ነው።

ስለ አጻጻፋችን አንድ ቃል። ትእዛዞቹን በፊደላችን አትመናቸዋል፤ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ግን በላቲን ትንንሽ ፊደላት ነው የሚተየቡት። በሁለት ነጥብ የተለያዩት፣ ለምሳሌ «ኤል፡ኤስ፡ፒ፡ሲ፡አይ»፣ ፊደል በፊደል ተነብበው ያለ ክፍተት ተያይዘው ይጻፋሉ። «ኢንስቶል»፣ «ሪሙቭ» የመሳሰሉት የታወቁት የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው። «ሱዶ» ደግሞ «ኤስ፡ዩ፡ዲ፡ኦ» ነው። ሰረዝ፣ ስላሽና ነጥብ እንዳሉ ይገባሉ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ተማሪ ነኝ። ከላፕቶፔ ላይ ዊንዶውስን አጥፍቼ ሊኑክስ ሚንት 20 ጫንኩበት። ሁሉም ነገር ይሠራል፣ ዋይፋይ የሚባል ምልክት ግን ጭራሽ የለም። ካርዱ «8821» የሚል መሆኑን ስለማውቅ ድራይቨሩን በዚፕ አውርጄ በፍላሽ አመጣሁ፤ ኮዱን ወደ ፕሮግራም ለመገንባት «ሜክ» ስለው ግን በስህተት መልእክት ተሞላ። የድሮ ድራይቨር ነው መሰለኝ። አዲሱን ከየት ላግኝ? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ድራይቨር ፍለጋውን ለጊዜው ይተዉት። ዊንዶውስ ላይ ድራይቨር ከአምራቹ ወርዶ ለብቻው የሚጫን ነገር ነው። ሊኑክስ ላይ አብዛኛው ድራይቨር ከከርነሉ ጋር አብሮ ይመጣል፣ ከከርነሉም ጋር አብሮ ያረጃል። ስለዚህ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የካርዱ ትክክለኛ ቁጥርና የከርነሉ ዕድሜ ነው።

«ኤል፡ኤስ፡ፒ፡ሲ፡አይ -ኤን፡ኤን፡ኬ» ብለው ይተይቡ። ከሚወጣው ዝርዝር «ኔትወርክ ኮንትሮለር» የሚለውን መስመር ይፈልጉ፤ በመስመሩ መጨረሻ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ አራት ምልክት፣ ሁለት ነጥብ፣ ደግሞ አራት ምልክት አለ። የእርስዎ «10ኢሲ:ሲ821» ከሆነ ሪልቴክ አርቲኤል8821ሲኢ ነው። «8821» ብቻ ማለት አይበቃም፤ 8821ኤኢ፣ 8821ኤዩ፣ 8821ሲዩ የሚባሉ ሌሎች ቺፖች አሉ፣ የአንዱ ድራይቨር ለሌላው አይሆንም። ከመስመሩ በታች «ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ» የሚል ከሌለ ካርዱ አለ፣ የሚነዳው ግን የለም ማለት ነው።

ቀጥሎ «ዩኔም -አር» ይበሉ፤ «ዩ» እና «ኔም» ተያይዘው ነው የሚጻፉት። ሚንት 20 ይዞት የሚመጣው ከርነል 5.4 ነው። የአዳዲሶቹን የሪልቴክ ካርዶች የሚነዳው «አርቲደብሊው88» ከርነል ውስጥ የገባው በ5.2 ቢሆንም የእርስዎ ቺፕ የተጨመረበት ግን በ5.9 ነው። 5.4 ካርድዎን አያውቀውም። ነገሩ ይኸው ነው።

ዚፑ ለምን እንዳልሠራም እንንገርዎ። እንዲህ ያለ የድራይቨር ኮድ የሚጻፈው በዚያን ጊዜ ለነበረው ከርነል ነው። የከርነሉ የውስጥ ጥሪዎች ከቁጥር ወደ ቁጥር ይለዋወጣሉ፤ በመሆኑም ኮዱ ከከርነሉ ሲያረጅም፣ ሲቀድመውም «ሜክ» ላይ ይሰበራል። አንዳንዴ ደግሞ የጎደለው የከርነሉ «ሄደርስ» ወይም «ቢልድ-ኢሴንሻል» የሚባለው ጥቅል (የፕሮግራም ፓኬጅ) ብቻ ነው። ተሳክቶ ቢጫን እንኳ ከርነሉ በተሻሻለ ማግስት ይጠፋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

እንግዲህ ያለ ዋይፋይ ኢንተርኔት ከየት ይምጣ? ከስልክዎ። ስልኩን በቻርጀር ኬብሉ ከላፕቶፑ ጋር ያገናኙና በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ከሆትስፖት አጠገብ ያለውን «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» ያብሩት። ላፕቶፑ እንደ ኬብል ኔትወርክ ያየዋል፤ ምንም ድራይቨር አይጠይቅም። ምርጫው ደብዝዞ ከታየ ኬብሉ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ዓይነት ነው፣ ዳታ የሚያሳልፍ ይቀይሩ። ብዙ ተማሪ የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ስልኩ የግቢ ዋይፋይ ላይ ከሆነ አብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች በዩኤስቢ የሚያሳልፉት ያንኑ ዋይፋይ ነው፣ የገዙት የኢንተርኔት ጥቅል አይነካም።

ከርነሉን ከመቀየርዎ በፊት የቀድሞውን ሙከራ ያጽዱ። ዚፑ በተፈታበት ማኅደር ገብተው «ሱዶ ሜክ አንኢንስቶል» ይበሉ። «ዲ፡ኬ፡ኤም፡ኤስ ስታተስ» ሲሉ የ8821 ስም ከወጣ «ሱዶ ዲ፡ኬ፡ኤም፡ኤስ ሪሙቭ ስም/ቁጥር --ኦል» በማለት ያስወጡት፤ በስምና በቁጥር ፈንታ የታየዎትን ያስገቡ። «/ኢ፡ቲ፡ሲ/ሞድፕሮብ.ዲ» በሚባለው ማኅደር ውስጥ ደግሞ «ብላክሊስት» የሚል መስመር የያዘ አዲስ ፋይል ትቶ እንደሆነ ይመልከቱ። ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አዲሱ ከርነል የራሱን ድራይቨር ይዞ ሲመጣ አሮጌው «አትጫን» የሚል ትእዛዝ ትቶበት ሰው ቀኑን ሙሉ የሚደክመው በዚህ ነው።

ከዚያ የሚንትን አፕዴት ማናጀር ከፍተው «ቪው»፣ ቀጥሎ «ሊኑክስ ከርነልስ» ይግቡና 5.15ን ይጫኑ። በተርሚናል ከሆነ «ሱዶ ኤ፡ፒ፡ቲ አፕዴት»፣ ቀጥሎ «ሱዶ ኤ፡ፒ፡ቲ ኢንስቶል ሊኑክስ-ጀነሪክ-ኤች፡ደብሊው፡ኢ-20.04»። ማውረዱን ከመጀመሩ በፊት ስንት ሜጋ እንደሚወስድ ጽፎ «ዋይ ወይስ ኤን» ብሎ ይጠይቅዎታል። በኢንተርኔት ጥቅል የምትኖሩ ሁሉ ያቺን መስመር ሳታነቡ «ዋይ»ን አትጫኑ። ሲያበቃ ሪስታርት አድርገው «ዩኔም -አር» ይበሉ፤ 5.15 ካላለ አሁንም በአሮጌው ነው የተነሣው።

ከርነሉ አዲስ ሆኖም ዋይፋዩ ካልመጣ «ሱዶ ዲ፡ኤም፡ኢ፡ኤስ፡ጂ» ብለው «ፈርምዌር» የሚል ቃል ያለበትን መስመር ይፈልጉ። ፈርምዌር ከድራይቨር የተለየ ነው፤ ድራይቨሩ ካርዱ ሲነሣ የሚያጎርሰው ትንሽ ፋይል ነው። መልእክቱ በ«-2» ካለቀ ፋይሉ በቦታው አልተገኘም ማለት ነው፤ «ሊኑክስ-ፈርምዌር» የሚባለውን ጥቅል እንደገና መጫን ይበቃል። ዋይፋዩ መጥቶ ላፕቶፑ ድርቅ እያለ ካስቸገረ ደግሞ «/ኢ፡ቲ፡ሲ/ሞድፕሮብ.ዲ» ውስጥ መጨረሻው «.ኮንፍ» የሆነ ፋይል ከፍተው «ኦፕሽንስ አር፡ቲ፡ደብሊው88_ፒ፡ሲ፡አይ ዲሴብል_ኤ፡ኤስ፡ፒ፡ኤም=1» የሚለውን መስመር ያስገቡ። ይህ ቺፕ ከአንዳንድ ላፕቶፖች የኃይል ቁጠባ ጋር አይስማማም።

የእኛን ምርጫ ከጠየቁን ግን ሚንት 20 ላይ ይህን ሁሉ መድከም አይገባም። የድጋፍ ጊዜው በፈረንጆቹ 2025 አብቅቷል። ወደ 3 ጊጋ የሚጠጋውን የሚንት 22 ፋይል በነፃ ኢንተርኔት ያውርዱና በፍላሽ ያዘጋጁት፤ ከርነሉ 6.8 ነው። ሳይጭኑ ከፍላሹ ላይ ያስነሡትና ዋይፋዩ መታየቱን ይሞክሩ። ዊንዶውስን ከማጥፋትዎ በፊት ይህችን የ5 ደቂቃ ሙከራ አድርገው ቢሆን ኖሮ ደብዳቤውም ባላስፈለገ።

ጥያቄ፦ አነስተኛ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ አለኝ። 6 ዴስክቶፖች ላይ ኡቡንቱ 22.04 ጫንኩና ከባሕር ዳር 6 የዋይፋይ ዩኤስቢ ገዛሁ። ማሸጊያቸው አንድ ዓይነት ነው። 3ቱ እንደሰኳቸው ሠሩ። 2ቱ ኔትወርኩን ያሳያሉ እንጂ ፓስወርድ ሲገባ ተገናኝተው ወዲያው ይቋረጣሉ። አንዱ ጭራሽ እንደ ሲዲ ነው የሚከፈተው። አብሮ የመጣው ሲዲ የዊንዶውስ ድራይቨር ብቻ ይዟል። (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ማሸጊያውን አይመኑት። አንድ ሳጥን፣ አንድ ቅርጽ፣ ውስጡ ግን ሦስት ዓይነት ቺፕ መሆኑ በዚህ ዕቃ የተለመደ ነው። ስመ ጥር ምርቶችም ላይ አለ፤ የቲፒ-ሊንክ ቲኤል-ደብሊውኤን722ኤን የመጀመሪያው እትም የአቴሮስ ኤአር9271 ቺፕ ነበረው፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን ሪልቴክ ናቸው፣ የላዩ ስም ሳይቀየር። ቁርጡን የሚናገረው «ኤል፡ኤስ፡ዩ፡ኤስ፡ቢ» ነው።

እያንዳንዱን ለብቻው ሰክተው ቁጥሩን ይጻፉ። «148ኤፍ:7601» ካለ ሚዲያቴክ ኤምቲ7601ዩ ነው፤ ድራይቨሩ ከ4.2 ጀምሮ ከርነሉ ውስጥ ስላለ እንደተሰካ ይሠራል፤ 3ቱ ይህ ሳይሆኑ አይቀሩም። «0ቢዲኤ:8179» ካለ ሪልቴክ አርቲኤል8188ኢዩኤስ ነው። ለዚህኛው በ5.15 ያለው ድራይቨር ደካማ ነው፤ ተገናኝቶ መቋረጥም የታወቀ ጠባዩ ነው። ከ6.3 ጀምሮ ግን «አርቲኤል8ኤክስኤክስኤክስዩ» የሚባለው በደንብ የተጻፈ ድራይቨር ተረክቦታል። የእርስዎ 22.04 «ሱዶ ኤ፡ፒ፡ቲ ኢንስቶል ሊኑክስ-ጀነሪክ-ኤች፡ደብሊው፡ኢ-22.04» ሲባል ወደ 6.8 ይወጣል። በእርስዎ ቤት በእርግጥ «ድራይቨሩ አርጅቷል» የሚባለው በእነዚህ ሁለቱ ላይ ነው።

እንደ ሲዲ የሚከፈተው አልተበላሸም። እነዚህ ዕቃዎች ሲሰኩ መጀመሪያ የዊንዶውስ ድራይቨር የያዘ ዲስክ መስለው ይቀርባሉ፤ ዊንዶውስ ድራይቨሩን ከውስጣቸው ጭኖ ወደ ዋይፋይነት ይለውጣቸዋል። ሊኑክስ ላይ ለዋጭ ካልተገኘ ዲስክ እንደመሰሉ ይቀራሉ። የሪልቴኩ ቁጥር በዚህ ጊዜ «0ቢዲኤ:1ኤ2ቢ» ነው። ቀላሉ መፍትሔ በፋይል ማኅደሩ ላይ የመጣውን የሲዲ ምልክት በቀኝ ክሊክ «ኢጀክት» ማለት ነው። ያ ካልበቃ «ዩ፡ኤስ፡ቢ-ሞድስዊች» የሚባለውን ጥቅል ጭነው «ሱዶ ዩ፡ኤስ፡ቢ_ሞድስዊች -ኬ፡ደብሊው -ቪ 0ቢዲኤ -ፒ 1ኤ2ቢ» ይበሉ፤ እዚህ ላይ ኬ እና ደብሊው ትልልቅ ፊደላት ናቸው። ከዚያ «ኤል፡ኤስ፡ዩ፡ኤስ፡ቢ»ን ይድገሙት፤ ቁጥሩ ተለውጦ ታገኙታላችሁ። እውነተኛው የቺፑ ቁጥር ያ አዲሱ ነው፤ ድራይቨር የሚፈለገውም በእሱ ነው።

ለ6 ማሽን 6 ጊዜ ማውረድ ገንዘብ መጣል ነው። በአንዱ ላይ «ሱዶ ኤ፡ፒ፡ቲ-ጌት ኢንስቶል --ዳውንሎድ-ኦንሊ» ብለው የጥቅሉን ስም ያስከትሉ። የወረዱት ፋይሎች «/ቪ፡ኤ፡አር/ካሽ/ኤ፡ፒ፡ቲ/አርካይቭስ» ውስጥ ይቀመጣሉ። መጨረሻቸው «.ዲ፡ኢ፡ቢ» የሆኑትን በፍላሽ ወደ ሌሎቹ ወስደው፣ በዚያው ማኅደር ቆመው «ሱዶ ዲ፡ፒ፡ኬ፡ጂ -አይ *.ዲ፡ኢ፡ቢ» ይበሉ። ይህ የሚሆነው ሁሉም ማሽኖች አንድ ዓይነት ኡቡንቱ፣ ሁሉም 64 ቢት ሲሆኑ ነው።

ድራይቨሩ ከተስተካከለም በኋላ ሲግናሉ ደካማ ከሆነ ዩኤስቢውን የት እንደሰኩት ይመልከቱ። ከዴስክቶፕ ጀርባ ሲሰካ የብረቱ ሳጥን ይከልለዋል። ሰማያዊው የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ደግሞ ሲሠራ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ራሱ ጫጫታ ያወጣል፤ እነዚህ ርካሽ ዩኤስቢዎች የሚሠሩትም በ2.4 ብቻ ነው። የ1 ሜትር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ሁለቱንም ይፈታል። እንዲያውም በአንድ ክፍል ውስጥ ተደርድረው ለሚውሉ 6 ዴስክቶፖች ዋይፋይ መግዛቱ ራሱ አልገባንም። ባለ 8 ቀዳዳ ስዊችና የኔትወርክ ኬብል ይሻሉዎታል፤ ኬብሉ እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ይሄዳል፣ ድራይቨሩም በጭራሽ አያስቸግርም።

ጥያቄ፦ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ላፕቶፑ ሪልቴክ 8723ቢኢ የሚባል ካርድ ነው ያለው። ከራውተሩ ጎን ሳስቀምጠው ይሠራል፤ 4 እርምጃ ስርቅ ይጠፋል። ስልኬ ግን ከዚያው ቦታ ሙሉ መስመር ያሳያል። ድራይቨሩን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ጫንኩት። (ከዳንግላ)

መልስ፦ ሦስት ጊዜ መጫኑ አልረዳም፤ ድራይቨሩ የሚያዳምጠው በተሳሳተው ጆሮ ስለሆነ ነው። ይህ ካርድ የሁለት አንቴና መሰኪያ አለው፤ ብዙ ላፕቶፖች ውስጥ ግን የተሰካው አንድ ሽቦ ብቻ ነው። የትኛው መሰኪያ ላይ እንዳለ ካርዱ ውስጥ የተጻፈው መረጃ ሲሳሳት ድራይቨሩ ባዶውን መሰኪያ ይመርጣል። ራውተሩ አጠገብ የሚሠራውም ያለ አንቴና ነው ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ «አይ፡ደብሊው ዴቭ» ብለው የካርዱን ስም ይወቁ፤ «ደብሊው፡ኤል» ብሎ የሚጀምር ነው። ከዚያ «አይ፡ደብሊው ዴቭ» ስሙን ጨምረው «ሊንክ» ይበሉ። «ሲግናል» በሚለው መስመር ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ይወጣል፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ጥሩ ነው። -50 አካባቢ ጠንካራ፣ -70 ደከም ያለ፣ -80 ሊቋረጥ የደረሰ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ሆኖ -75 እና ከዚያ የባሰ ካሳየ ጥርጣሬያችን ልክ ነው።

ለሙከራ «ሱዶ ሞድፕሮብ -አር አር፡ቲ፡ኤል8723ቢ፡ኢ» በማለት ድራይቨሩን ከሥራ ያስወጡት፤ ቀጥለው «ሱዶ ሞድፕሮብ አር፡ቲ፡ኤል8723ቢ፡ኢ ኤ፡ኤን፡ቲ_ኤስ፡ኢ፡ኤል=2» በማለት ይመልሱት። እንደገና ተገናኝተው ሲግናሉን ይለኩ። ካልተሻለ በ2 ቦታ 1 አድርገው ይድገሙ። በሚሠራው ቁጥር 20 እና ከዚያ በላይ ሲሻሻል በዓይን የሚታይ ነው። ለዘለቄታው «ሱዶ ናኖ /ኢ፡ቲ፡ሲ/ሞድፕሮብ.ዲ/ዋይፋይ.ኮንፍ» ብለው «ኦፕሽንስ አር፡ቲ፡ኤል8723ቢ፡ኢ ኤ፡ኤን፡ቲ_ኤስ፡ኢ፡ኤል=2» የሚለውን አንድ መስመር ይጻፉ። ለማስቀመጥ ኮንትሮልና ኦ፣ ኢንተር፣ ለመውጣት ኮንትሮልና ኤክስ።

ሲግናሉ ጥሩ ሆኖ አሁንም በየደቂቃው የሚንተባተብ ከሆነ የኃይል ቁጠባውን ያጥፉ። «/ኢ፡ቲ፡ሲ/ኔትወርክማናጀር/ኮንፍ.ዲ» ውስጥ (የ«ኔትወርክ» ኤን እና የ«ማናጀር» ኤም ትልልቅ ፊደላት ናቸው) ስሙ «ፓወርሴቭ» የሚል ፋይል አለ፤ ውስጡ «ዋይፋይ.ፓወርሴቭ = 3» ይላል። 3 ማለት ቁጠባው በርቷል፣ 2 ማለት ጠፍቷል። ወደ 2 ቀይረው ሪስታርት ያድርጉ።

ሌላም አለ። ቤቱ በቆርቆሮ የተከፈለ ከሆነ ቆርቆሮው ሲግናሉን ይመልሰዋል። የጭቃ ግድግዳ ያዳክማል እንጂ ያሳልፋል፤ ብረት ግን እንደ ፊት መስታወት መልሶ ያንጸባርቀዋል። ራውተሩን በበሩ ወይም በመስኮቱ ትይዩ ከፍ አድርጎ መስቀል ከማንኛውም ድራይቨር ይበልጥ የሚረዳበት ጊዜ አለ።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ብሮድኮም ካርድ ባለው ላፕቶፕ ላይ ኡቡንቱ 22.04 አለኝ፤ ቁጥሩ «14ኢ4:4365» ነው። የላፕቶፑ ባትሪ ሞቷል፣ በቀጥታ በመብራት ነው የምጠቀመው። ድራይቨሩ በመጫን ላይ እያለ መብራት ጠፋ። አሁን ምንም ነገር ልጭን ስል «ዲ፡ፒ፡ኬ፡ጂ ተቋርጧል» ይላል። ወንድሜ ደግሞ ከርነሉን አዲስ አድርገው ይለኛል። (ከሞጣ)

መልስ፦ ወንድምዎን አይስሙት፤ ለሌላው የሚበጀው ምክር ለእርስዎ አይበጅም። ቁጥሩ የቢሲኤም43142 ነው። ይህን ቺፕ የሚነዳው «ደብሊው፡ኤል» የሚባል የብሮድኮም ዝግ ድራይቨር ሲሆን ብሮድኮም ራሱ ለመጨረሻ ጊዜ ያወጣው፣ ቁጥሩ 6.30.223.271 የሆነው፣ በፈረንጆቹ የ2015 ሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ በሕይወት ያቆዩት የኡቡንቱና የዴቢያን ሰዎች ናቸው፤ ከርነል በተለወጠ ቁጥር ይጠግኑለታል። ከርነሉ ከጥገናው ከቀደመ ድራይቨሩ አይገነባም። ስለዚህ በ22.04 የመጀመሪያ ከርነል፣ በ5.15፣ ይቆዩ። ሳይታወቅ ከተሻሻለብዎ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ኢስኬፕን (በቆዩት ማሽኖች ሺፍትን) ተጭነው «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ አሮጌውን ከርነል ይምረጡ።

የተቋረጠውን ለመጨረስ «ሱዶ ዲ፡ፒ፡ኬ፡ጂ --ኮንፊገር -ኤ»፣ ቀጥሎ «ሱዶ ኤ፡ፒ፡ቲ --ፊክስ-ብሮከን ኢንስቶል» ይበሉ። የወረደው ፋይል ዲስኩ ላይ ስላለ አብዛኛውን ጊዜ እንደገና አይወርድም። ከዚያ «ሱዶ ሞድፕሮብ ደብሊው፡ኤል»። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት እምቢታ ሊመጣ ይችላል።

አንደኛው ስለ ፎርማት የሚያወራ ስህተት ነው፤ መብራቱ ሲጠፋ የድራይቨሩ ፋይል ተቆርጦ፣ አንዳንዴም ባዶ ሆኖ ቀርቷል ማለት ነው። «ሱዶ ኤ፡ፒ፡ቲ ኢንስቶል --ሪኢንስቶል ቢ፡ሲ፡ኤም፡ደብሊው፡ኤል-ከርነል-ሶርስ» ከባዶ ይገነባዋል። ኢንተርኔት ከሌለ ያንኑ ጥቅል ኡቡንቱን የጫኑበት ፍላሽ ውስጥ «ፑል»፣ «ሪስትሪክትድ»፣ «ቢ»፣ «ቢ፡ሲ፡ኤም፡ደብሊው፡ኤል» በሚሉት ማኅደሮች ያገኙታል።

ሁለተኛው «ኪ ዋዝ ሪጀክትድ» የሚለው ነው። ሴኪዩር ቡት በርቷል፤ ያልተፈረመበት ድራይቨር እንዳይገባ ከልክሏል። ኡቡንቱ ሲጭን ጊዜያዊ ፓስወርድ አስመርጦዎት ነበር፤ ቀጣዩ ሪስታርት ላይ ሰማያዊ ገጽ መጥቶ 10 ሰከንድ ያህል ይጠብቃል፣ ካልተነካ ይዘጋል፣ ጥያቄውም ይሰረዛል። መብራቱ የጠፋው እዚያ ላይ ከነበረ አመለጠዎት። «ሱዶ አፕዴት-ሴኪዩርቡት-ፖሊሲ --ኤንሮል-ኪ» ብለው ፓስወርድ እንደገና ይስጡ፤ 8 አሃዝ ቁጥር ብቻ ቢሆን ይመረጣል፣ ሰማያዊው ገጽ የአማርኛ ኪቦርድ አያውቅምና። ሪስታርት ሲል ቁልፍ ይጫኑ፣ «ኤንሮል ሞክ»፣ «ኮንቲኒው»፣ «የስ»፣ ፓስወርዱ፣ «ሪቡት»። ሴኪዩር ቡትን ከባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ ከሚከፈተው የማዘርቦርዱ ምርጫ ገጽ) ማጥፋትም ይቻላል፤ ዊንዶውስ አብሮ ካለና ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ከበራ ግን ዊንዶውሱ የማገገሚያ ቁልፍ ሊጠይቅዎት ስለሚችል ቁልፉን አስቀድመው ይያዙ።

በመጨረሻም ይህ ካርድ 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው፣ ድራይቨሩም ደብሊውፒኤ3 የሚባለውን አዲሱን የዋይፋይ መቆለፊያ አያውቅም። ራውተሩ 5 ጊጋ ብቻ ከሆነ ወይም በደብሊውፒኤ3 ብቻ ከተዘጋ ምንም ቢያደርጉ አይገናኝም። ራውተሩን ወደ ደብሊውፒኤ2 ያውርዱት። መጫን በጀመሩ ቁጥር ደግሞ መብራት የማይጠፋበት ሰዓት ይምረጡ፤ ግንባታው 2 እና 3 ደቂቃ ቢወስድ ነው።

ጥያቄ፦ «ዋይፋይ በሃርድዌር ተዘግቷል» ይለኛል። ድራይቨሩን ላድስ? (ከእንጅባራ)

መልስ፦ አያድሱ። «አር፡ኤፍ፡ኪል ሊስት» ይበሉ። «ሶፍት ብሎክድ» አጠገብ «የስ» ካለ «ሱዶ አር፡ኤፍ፡ኪል አንብሎክ ዋይፋይ» ይከፍተዋል። «የስ» ያለው «ሃርድ ብሎክድ» ላይ ከሆነ ትእዛዝ አይሰማም፤ የላፕቶፑን የጎን ማብሪያ ወይም «ኤፍኤን»ን ከአንቴና ሥዕል ካለበት ቁልፍ ጋር ይጫኑ።

ጥያቄ፦ በስልክ ቴዘሪንግ ኢንተርኔት አገኘሁ፤ ግን ብሮውዘሩ ሁሉንም ገጽ «አያስተማምንም» ይላል። «ኤ፡ፒ፡ቲ አፕዴት»ም አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ፋይሉ «ገና አልጸናም» ብሎ ይመልሰኛል። ድራይቨሩን ማውረድ አቃተኝ። ዴስክቶፑ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑና ሰዓቱ ስለሚዛባ በእጄ ነው የማስተካክለው። (ከቢቸና)

መልስ፦ ምስጢሩ «በእጄ» ያሉት ላይ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተሩ ላይ 3:00 ብለው ከሞሉ፣ ለእሱ ገና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ። ጥቅሎቹን የያዘው ዝርዝር የወጣበት ቀንና ሰዓት ተጽፎበታል፤ ያ ጊዜ በኮምፒውተሩ ሰዓት ገና ያልደረሰ ከመሰለው «ገና አልጸናም» ብሎ ይጥለዋል። አንዳንዴ የሚሠራውም ለዚህ ነው፤ ዝርዝሩ ከወጣ 6 ሰዓት ካለፈው ስሕተቱ አይታይም። በመልእክቱ ላይ ስንት ሰዓት እንደቀረው ይጽፋል፤ ከ6 ያነሰ ከሆነ የሰዓት ቆጠራ ነው፣ በሺህ የሚቆጠሩ ቀናት ከሆነ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ሞልተውታል። የድረ ገጾቹ ሰርተፍኬትም የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን አለው፤ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ የቀረ ኮምፒውተር አንዱንም አይቀበልም።

«ሱዶ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ታይምዞን አፍሪካ/አዲስ_አበባ» ይበሉ፤ ሲቲኤል «ሲ፡ቲ፡ኤል» ነው፣ የአፍሪካ፣ የአዲስና የአበባ የመጀመሪያ ፊደላት ትልልቅ ናቸው። ቀጥሎ «ሱዶ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ኤን፡ቲ፡ፒ ትሩ»። ቴዘሪንጉ ክፍት ከሆነ ሰዓቱን ራሱ ያመጣል፣ በእጅ መንካት ቀረ። ዊንዶውስ አብሮ ካለና አንዱ ሲስተካከል ሌላው በ3 ሰዓት የሚዛባ ከሆነ ግራ አይጋቡ፤ ዊንዶውስ የቦርዱን ሰዓት የአገር ቤት ሰዓት አድርጎ፣ ሊኑክስ ደግሞ የዓለም አቀፉ አድርጎ ስለሚያነበው ነው። የእኛ ልዩነት 3 ሰዓት ነው። «ሱዶ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ሎካል-አር፡ቲ፡ሲ 1» ያስማማቸዋል።

መብራት በጠፋ ቁጥር መዛባቱ ግን የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቆ ነው። ሲአር2032 የምትባል የ3 ቮልት ክብ ባትሪ ናት፤ ሰዓት አዳሾች ዘንድ አትጠፋም። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅለው፣ የያዛትን ትንሽ ብረት በጥፍር ገፋ ሲያደርጉት ትዘላለች፤ አዲሷን የ«+» ምልክቱን ወደ ላይ አድርገው ያስገቡ። ባትሪዋ ስትወጣ የባዮስ ምርጫዎች ወደ ፋብሪካው ይመለሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ኡቡንቱ አልነሣ ካለዎት ባዮስ ገብተው መጀመሪያ ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሣ ይዩለት።